ሳሎን ውስጥ የቀረው የፊልም ትችት

አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ቴሌቪዥን ተከፍቶ የማይውልበት ካፌ ወይም ምግብ ቤት ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ጋ የአማርኛ ድምፅ የገባለት የቱርክ ድራማ ይታያል፤ አጠገቡ ያለው የሶማሌ ምግብ ቤት ወደ ሶማሊኛ የተመለሰ የህንድ ፊልም ከፍቷል፤ ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ወጣት ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ የአማርኛ ፊልም እያየ ነው። ታዲያ ዝም ብሎ የሚያይ የለም። «ይኼ ልጅ ግን ምን ሠርቶ ነው የሚኖረው?»፣ «ሙዚቃው የሚሉትን ዋጠው እኮ!»፣ «አሁን በዚህ ይለቀሳል?»፣ «መጨረሻውማ ከወዲሁ ታወቀ» ይባባላል። ይህን የሥራ ፈት ወሬ አድርጎ የሚንቀው ብዙ ነው። እኔ ግን በሀገራችን ስለ ፊልም ከሚነገረው ሁሉ ትክክለኛው ትችት ይህ ነው ባይ ነኝ። የሚያሳዝነው ከሳሎንና ከካፌ ጠረጴዛ አልፎ ከሠሪዎቹ ጆሮ አለመድረሱ ነው። አደባባይ የሚወጣው ውዳሴው ብቻ ነው፤ ፊልሞቻችን ያንኑ ስህተት ዓመት ከዓመት የሚደግሙትም አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

«ምን ሠርቶ ነው የሚኖረው?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ብንወስድ ስንት ነገር እንደያዘ እናያለን። ብዙዎቹ የአማርኛ የፍቅር ፊልሞች የሚኖሩት አንድ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው፦ ሰፊ ግቢ፣ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ትልቅ ሶፋ፣ በር ላይ የቆመ መኪና። ቦታው ቦሌ ነው፣ ወይም ሲኤምሲ፣ ወይም አያት። ባለታሪኩ «ቢሮ» ይሄዳል፤ ቢሮው ምን እንደሚሠራ ግን አይነገረንም። ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ አለ፤ ስልክ ይደወላል፤ ከዚያ ወደ ፍቅሩ እንመለሳለን። ጥያቄውን ያነሳው ሰው የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ ያውቃል። ደመወዝ ወር እንደማያደርስም ያውቃል። ስለዚህ የባለታሪኩ ገቢ አለመታወቁ ለእሱ ትንሽ ግድፈት አይደለም፤ ሰውዬውን እንዳያምነው የሚያደርግ ቀዳዳ ነው። ካላመነው ደግሞ አብሮት አያዝንም። የድርሰት መምህር በአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያስረዳውን የባለታሪክ አሳሳል ጉድለት ተመልካቹ በአንድ ጥያቄ ጨርሶታል። ሌላም አለ። በእነዚህ ፊልሞች ቦሌ ማለት ቪላ ነው። ከኤርፖርቱ ብዙም ሳይርቅ ያለው፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ በአንድ መንገድ ላይ የሚሰማበት፣ ካርጎ የሚልከውና የሚቀበለው፣ ቪዛ የሚጠብቀው፣ ከአረብ ሀገር የተመለሰችው እህት የምትኖርበት ቦሌ ሚካኤል በስክሪን ላይ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ሰፈር ተቀምጦ «ይኼ ቦሌ የት ያለው ቦሌ ነው?» የሚል ሰው ደራሲ ሊከፍልበት የሚገባ ምክር በነፃ እየሰጠ ነው።

አሁን ይኸው ተመልካች ፊልም ሲመረቅ ምን እንደሚል እንስማ። ከአዳራሹ ሲወጣ ማይክ ይቀርብለታል። «ፊልሙን እንዴት አገኘኸው?» ሲባል «በጣም አሪፍ ነው፣ ሁሉም ሰው መጥቶ ሊያየው ይገባል፣ በርቱ» ይላል። ታዋቂ ሰዎችም በተራቸው ይህንኑ ይደግማሉ። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም። የደከመ ሰው ፊት ቆሞ ድካሙን ማጣጣል በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ይሉኝታ ይይዛል። ይሉኝታው ክፉ ነገር ነው አልልም፤ ለቅሶ ቤትና ሠርግ ላይ ያኗኗረን እሱ ነው። ፊልም ላይ ሲመጣ ግን ዋጋው ከባድ ነው። ያ ተመልካች ቤቱ ገብቶ ለጓደኞቹ «መሀል ላይ ደበረኝ፣ ሁለተኛዋ ልጅ ለምን እንደመጣችም አልገባኝም» ይላል። ጓደኞቹ አይሄዱም። ፕሮዲውሰሩ ወንበሩ ባዶ መሆኑን ያያል፤ ለምን ባዶ እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም።

ምክንያቱ የማይነገረው ሰው ደግሞ የተሳካለትን መቅዳት ይጀምራል። በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ «የወንዶች ጉዳይ» የተሰኘው ፊልም ተመልካች ሲያገኝ ብዙዎች የተረዱት «ሕዝቡ ሮማንቲክ ኮሜዲ ይፈልጋል» የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት የሲኒማ ቤቶቻችን ፖስተር በሮማንቲክ ኮሜዲ ተጥለቀለቀ፤ ደሃው ወንድ ሀብታሟን ሴት ለማግኘት ይዋሻል፣ ውሸቱ ይጋለጣል፣ በመጨረሻው ትዕይንት ይታረቃሉ። ሰው የሳቀው በምን ነበር? በንግግሩ ፍጥነት? በወንዶቹ ጉራና ፍርሃት እውነትነት? ራሱን ስላየበት? ይህን የጠየቀ ጥቂት ነው። የትኬት ሽያጭ ሰው መምጣቱን ይናገራል እንጂ ምን ፈልጎ እንደመጣ አይናገርም። ክፍተቱን የሚሞላው የተመልካቹ አንደበት ብቻ ነው፤ እሱም ሲጠየቅ «አሪፍ ነው» ብሎ አለፈ።

ያልተነገረ አስተያየት ሲጠራቀም ምን እንደሚያደርግ በ2008 ዓ.ም አይተናል። ቃና ቴሌቪዥን ስርጭቱን ሲጀምር የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያስገባ አቀረበ። «ጥቁር ፍቅር» የመሰሉ የቱርክ ተከታታዮች በጥቂት ወራት ውስጥ የየቤቱ የምሽት መርሐ ግብር ሆኑ። በርካታ የኪነ ጥበብ ሰዎች ባህል ይበረዛል፣ የሀገር ውስጥ ሥራ ይሞታል ብለው በአደባባይ ተቃወሙ። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ በተዘጋጀ የውጭ ሥራ ላይ ድምፅ መጫን አዲስ ድራማ ከመሥራት እጅግ ይረክሳልና ውድድሩ እኩል አይደለም። ነገር ግን በዚያ ክርክር ውስጥ የቴሌቪዥኑን ሪሞት የያዘችው እናት ምን እንዳለች የጠየቃት አልነበረም። እሷ ስትናገር የቆየችው ግልጽ ነው። የሀገር ውስጡ ድራማ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ ሲመጣም ግማሹ ማስታወቂያና ያለፈው ሳምንት ቅኝት ነው። ድምፁ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ አይሰማም። አንድ ተዋናይ ድንገት ይጠፋና «ውጭ ሀገር ሄደ» ይባላል። የቱርኩ በየቀኑ በሰዓቱ ይገባል፣ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ታሪኩም ተጀምሮ ያልቃል። ይህ ሁሉ ከባህል ጋር የሚያያዘው ጥቂት ነው። የሥራ ጥራት አቤቱታ ነው፤ ቃና ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት በየሳሎኑ ሲነገር የነበረ፣ ሰሚ ያጣ።

ተመልካቹ የውጭ ስለሆነ ብቻ የሚመርጥ ቢሆን ኖሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአርትስ ቲቪ የቀረበው «እረኛዬ» ያንን ሁሉ ሰው ባልሰበሰበ ነበር። ቅድስት ይልማ፣ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ የደከሙበት ይህ ድራማ ከቪላው ወጥቶ ገጠር ገባ። ድርብወርቅ ሰይፉ የተጫወተቻቸውን እማ ቸርነትን ሰው እንደ ገዛ አያቱ ያነሳቸው ነበር። ልብ ብሎ ለሰማ፣ ስለ «እረኛዬ» የነበረው ወሬ ከሌላው የተለየ ነበር። «አሪፍ ነው» ብሎ የሚያቆም ጥቂት ነበር። እማ ቸርነት እንዲህ አሉ፣ እዚያ ጋ ዝም ያሉበት ሁኔታ፣ አማርኛው እንዴት ይጥማል፣ እየተባለ ቦታው እየተጠቀሰ ይነገር ነበር። ጥሩ ሥራ ተመልካቹን ጥሩ ተናጋሪ አደረገው። ቀጥሎ ለሚጽፍ ሰው ያ ወሬ የትኛውም ሽልማት የማይሰጠው መረጃ ነው፦ ሰው ያረጀ ሰው ማየት አይሰለቸውም፣ ዝምታን ይታገሣል፣ ውብ ንግግር ይርበዋል።

«ተራ ተመልካች ምን ያውቃል? ትችት ለባለሙያ ነው» የሚሉ አሉ። የካሜራ አቀማመጥንና የአርትዖትን ምሥጢር የሚተነትን ሐያሲ እንደሚያስፈልገን አልክድም፤ እንዲያውም ጋዜጦቻችን ለእግር ኳስ የሚሰጡትን ገጽ ሩቡን እንኳ ለፊልም ቢሰጡ እላለሁ። ግን ሐያሲው የተመልካቹን ቦታ አይተካም። «ድፍረት» የተሰኘው የኢትዮጵያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫልም በበርሊን ፌስቲቫል ፓኖራማ ክፍልም የተሸለመው የተመልካቾችን ሽልማት ነው። ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ነው ያሸለመው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችውን፣ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት የቆመችውን የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ለመፍረድ የዚያ ሰው ልብና ዓይን በቂ ሆኖ ከተገኘ፣ በራሱ ሀገርና በራሱ ቋንቋ የተሠራውን የሚያየው የቦሌ ሚካኤል ነዋሪ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል። ኢንዱስትሪው ገና ጨቅላ ነው፣ ሠሪዎቹ ቤታቸውን አስይዘው የሚሠሩ ናቸው፣ በትችት አትስበሯቸው ይባላል። ድካማቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ቀደምቱ የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ለእይታ ከበቃ ወደ 60 ዓመት ሆኖታል፤ ጨቅላነቱ ማብቃት አለበት። ደግሞም ሠሪውን የሚሰብረው የቱ ነው? «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የልጁ አባት ለምን ሐሳቡን እንደቀየረ አልገባኝም» የሚለው ነው ወይስ ፊት ለፊት «በርቱ» ተብሎ አዳራሹ ባዶ መቅረቱ? የመጀመሪያው ለሚቀጥለው ሥራ ስንቅ ይሆናል። ሁለተኛው ዕዳ ብቻ ነው የሚተወው። በእርግጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ የሚታየው ሌላ ነው፤ የተዋናይቷን መልክ፣ ትዳሯን፣ ብሔሯን እያነሱ መስደብ ትችት አይደለም፣ ስለ ፊልሙም የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ይህን ፈርቶ ሁሉንም አስተያየት መሸሽ ግን ልክ አይደለም። ስድብን የሚያከስመው ዝምታ ሳይሆን የተሻለ ንግግር ነው።

የተሻለ ንግግር ስል ከባድ ነገር መጠየቄ አይደለም። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ መርሐ ግብር የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ከሚወዳት በጉ ጋር ዘመዶቹ ዘንድ ይተዋል። ልጁ ወጥ መሥራት ይችልበታል፤ አጎቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ማድቤት መግባቱን አይወድም፣ በጓም ለበዓል እንድትታረድ ይፈልጋል። አንድ ሰው ይህን አይቶ «ጥሩ ፊልም ነው፣ መልክዓ ምድሩ ያምራል» ቢል ምንም አልነገረንም። «ልጁ ሳምቡሳ እየሠራ ሲሸጥ፣ አጎቱ የናቀው ሙያ በጓን የማዳኛ ተስፋው መሆኑን አየሁ፣ እዚያ ጋ ያዘኝ» ቢል ግን ሙሉ ትችት ነው። «ታሪኩ ቀስ አለብኝ፣ መሀሉ ላይ ሰለቸኝ» ቢልም እንዲሁ፤ የት እንደሰለቸው እስከነገረን ድረስ።

ለዚህ ግን ፊልሙን ማየት ይጠይቃል። አሁን አሁን የሚያስፈራኝ ባላዩት ፊልም ላይ የሚፈርዱ ሰዎች መብዛት ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም በአሥር ደቂቃ የሚተርኩ ቻናሎች ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ሞልተዋል። ድሮ በየቪዲዮ ቤቱ ይታይ የነበረው ትርጉም ፊልም ቢያንስ ምስሉን ከነርዝመቱ ያሳይ ነበር። የአሁኑ አጭር ትረካ ግን የሚያስቀረው «ማን ማንን ገደለ፣ ማን ማንን አገባ» የሚለውን ብቻ ነው። ትወናው፣ ብርሃኑ፣ ዝምታው፣ ልብ የሚያንጠለጥለው መዘግየት ሁሉ ይቆረጣል። በትረካው ያወቀ ሰው ስለ ታሪኩ መጨቃጨቅ ይችላል፤ ስለ ፊልሙ ግን አላየውምና የሚለው የለውም።

«ለመዝናናት ነው የምናየው፣ ምን አስጨነቀን» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ስንዝናናም እንፈርዳለን፤ ፍርዱን ማንም አያስቀርብንም። የምጠይቀው ፍርዱ ከነምክንያቱ እንዲነገር ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከምርቃት ሲወጡ የሚያነጋግሩትን ሰው «እንዴት ነው?» ከማለት «የትኛው ቦታ አልገባህም?» ብለው ይጠይቁት። ፕሮዲውሰሮች ከምርቃቱ በፊት ፊልሙን ለማያውቋቸው ሰዎች አሳይተው፣ ራሳቸው አዳራሹ ውስጥ ሳይገኙ፣ አስተያየቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ያየኸውን ፊልም ወይም ድራማ የሠራውን ሰው ገጽ ፈልግና ለቤተሰብህ የነገርከውን ያንኑ፣ ቦታውን ጠቅሰህ፣ ሳትሳደብ ጻፍለት። ስምህንም ከሥሩ አስቀምጥ።