ስፔሻሊስት ሐኪም ከእኛ ጋር እንዲያድር

የወልቂጤ ሰው 155 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የቡታጅራ ሰው ደግሞ 130 ያህል ተጉዞ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል ደጃፍ ወረፋ ይይዛል። የመኪና፣ የአልጋና የአስታማሚ ወጪ ይከተላል። ጥሪት የሌለው ቀጠሮውን ትቶ ቤቱ ይተኛል።

ሐኪም ጠፍቶ ነውን? አይደለም። የጠፋው ስፔሻሊስቱን በከተማችን የሚያኖር ሥራ ነው። አሥር ዓመት ያህል ተምሮ የሚያገኘው የመንግሥት ደመወዝ ኑሮን አይችልም። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. ይህንኑ ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ከመንግሥት ያገኙት ምላሽ እስራትም ነበረበት። ብቻውን ክሊኒክ ልክፈት ቢል ቦታው በሊዝ ጨረታ ነው፤ ባንኩ የቤት ካርታ አምጣ ይለዋል፤ መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄዶ ይቀጠራል፣ ወይም አገር ጥሎ ይወጣል።

እኛ መፍትሔው ሽርክና ነው እንላለን። መርካቶ ላይ አዋጥቶ ሱቅ ለከፈተ፣ በ1950ዎቹ ማኅበር አቋቁሞ መንገድ ላሠራ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት፣ የማህፀንና የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች አንድ ሕንፃና አንድ ላቦራቶሪ ቢጋሩ ወጪው ለአራት ይከፈላል፤ ተራ ገብተው ስለሚያድሩም ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ሐኪም አታጣም። ባለሙያና መሣሪያ አንድ ላይ ሲገኙ ታካሚ ከሩቅ እንደሚመጣ የቡታጅራው ግራርቤት የዓይን ሆስፒታል አሳይቶናል።

በመሆኑም ብንመረጥ፦

1. በጋራ ለሚሠሩ ስፔሻሊስቶች ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ እናደርጋለን።
2. የሚንቀሳቀስ ንብረት የብድር ዋስትና እንዲሆን የፈቀደው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ለሕክምና መሣሪያም በተግባር እንዲውል እናደርጋለን።
3. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከእነዚህ ክሊኒኮች ጋር ውል እንዲገባ እናደርጋለን፤ ያለዚያ ክሊኒኩ የባለገንዘብ ብቻ ይሆናል።

«ሐኪሙን ከመንግሥት ሆስፒታል ልትነጥቁ ነው» የሚሉን አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ ቦታና ብድር የሚያገኝ ስፔሻሊስት ሁሉ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት በከተማው የመንግሥት ሆስፒታል፣ ተገቢው ክፍያ እየተከፈለው፣ እንዲሠራ ውል እናስገባዋለን። አዲስ አበባ ከሄደ ሐኪም ግን አንድም ቀን አናገኝም።

የወልቂጤና የቡታጅራ መራጮች ሆይ! ሐኪሙ ወደ እናንተ እንዲመጣ እንጂ እናንተ ታማችሁ እንዳትንከራተቱ ከፈለጋችሁ፣ ድምፃችሁን ለእኛ ስጡ።