ጀርም በእሳት ይሞታል፣ እርሳስ ግን አይሞትም

ሆድ ሲቆርጥ ጤና አዳም፣ ምች ሲመታ ዳማከሴ መጠቀም በገጠሩ ሕዝባችን ዘንድ ከአያት ቅድመ አያት የተወረሰ ልማድ መሆኑ ይታወቃል። በሂርናና በአካባቢዋም ብዙ ቤተሰብ ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ጓሮውን ይጎበኛል። ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቅጠል ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው የሚለው እምነት ሊታረም ይገባዋል።

ተክል ከመሬት የሚስበው ውኃና ምግብ ብቻ አይደለም። በአፈሩ ውስጥ እርሳስ ወይም ካድሚየም ካለ በሥሩ አድርጎ ወደ ቅጠሉ ሊዘልቅ ይችላል። ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚወስደው አውራ ጎዳና ሂርናን አቋርጦ ያልፋል። እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን በአገራችን ከቀረ ብዙ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ቀድሞ በመንገድ ዳር አፈር ላይ የወደቀው እርሳስ በቀላሉ አይጠፋም። የተጣለ የመኪና ባትሪም አፈርን ይበክላል።

ማጠብ አቧራን ያስወግዳል፤ ማፍላት ጀርምን ይገድላል። ወደ ቅጠሉ የዘለቀውን እርሳስ ግን እሳት አያጠፋውም። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ካድሚየም ደግሞ ኩላሊትን ያውካል። ጉዳቱ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም በመሆኑ ቶሎ አይታወቅም።

ችግሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በደቡብ እስያ ተሠርተው በአሜሪካ በቦስተን አካባቢ ሲሸጡ ከተገኙ 70 ባህላዊ መድኃኒቶች መካከል 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንደነበረባቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም በአንድ ኪሎ ደረቅ የመድኃኒት ተክል ውስጥ እርሳስ ከ10 ሚሊግራም፣ ካድሚየም ከ0.3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ መክሯል።

ስለሆነም አርሶ አደሩ የመድኃኒት ተክሉን ከአውራ ጎዳና፣ ከጋራዥና ከቆሻሻ መጣያ አርቆ ይትከል። የለቀመውን በአስፋልት ዳር አያስጣ፤ በቀለም ወይም በፀረ ተባይ ቆርቆሮም አያስቀምጥ። በገበያ ተፈጭቶ የሚሸጥ ዱቄት የሚገዛ ሰው ከየት እንደመጣ ይጠይቅ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤተሰብ የሚወስደውን ሁሉ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገር።

ኃላፊነቱ ግን በገበሬው ጫንቃ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆኖ ከሂርና፣ ከችሮና ከገለምሶ ገበያዎች ናሙና እየወሰደ ቢመረምርና ውጤቱን ሕዝቡ በሚረዳው ቋንቋ ቢያሳውቅ፣ ነባሩ ዕውቀት ይጠበቃል እንጂ አይጎዳም እንላለን።