የሰፊው ሕዝብ ባህል በቤተ መጻሕፍት ስፍራውን ይያዝ!

ባህል የጥቂት ልሂቃን የግል ሀብት አይደለም። ሠርቶ አደሩ ሕዝብ በእርሻ፣ በከብት እርባታ፣ በዓሣ ማጥመድና በወዛደርነት ኑሮው የፈጠረው የጋራ ቅርስ ነው። ይሁን እንጂ በቤተ መጻሕፍት ዘንድ ለረጅም ዘመን የክብር ስፍራ የያዙት ብራናና የታተመ መጽሐፍ ናቸው። የዘፈን ካሴት፣ የቴአትር ማስታወቂያና በራሪ ወረቀት «ተራ ነገር» ተብለው ከደጅ ቀርተዋል።

ጋምቤላ ለዚህ ሕያው ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክና እንግሊዝ ከተዋዋሉ በኋላ በባሮ ወንዝ መርከቦች ከካርቱም ሸቀጥ ያመጡ፣ ቡናችንን ይወስዱ ነበር። የሸቀጡ ሂሳብ በመዝገብ ሰፈረ፤ የተሸካሚውን እንጉርጉሮ ግን ማን መዘገበው? ኤቫንስ ፕሪቻርድ ከድንበሩ ማዶ ስላለው የኑዌር ሕዝብ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1940 በኦክስፎርድ ታተመ፤ ያነሣቸው ፎቶግራፎችም እዚያው ከተማ በሙዚየም ተቀመጡ። የጋምቤላ ልጅ የወገኑን ታሪክ በባዕድ አገር መደርደሪያ መፈለግ የለበትም።

ግለ ሂስም ያስፈልጋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩ ታላቅ ድል ነበር። ዳሩ ግን አኙዋክኛና ኑዌርኛ ከነዚያ መካከል አልነበሩም። ያልተጻፈው በቃልና በዜማ ብቻ ቆየ።

ዛሬ ከተማይቱ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። «በጀቱ ለመማሪያ መጻሕፍትም አይበቃ» የሚሉ ይኖራሉ። አሮጌ ካሴት ለመሰብሰብ የሚጠይቀው ግን ከገንዘብ ይልቅ ውሳኔ ነው። ክሩ በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ ዛሬ ያልተገለበጠ ነገ አይሰማም። የዘፋኙ ስም፣ ቋንቋው፣ ቦታውና ዘመኑ ካልተመዘገበም ድምፁ ባለቤት አልባ ይሆናል። የባለቤቱ ፈቃድም መቅደም አለበት።

ከሁሉ በላይ ክምችቱ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦችን፣ ከሌላ ሥፍራ መጥተው የሠፈሩትንም በእኩልነት ያስተናግድ። የአንዱን ዜማ ይዞ የሌላውን የሚጥል መደርደሪያ የመከፋፈል መሣሪያ ነው።

የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ሆይ! በየሣጥናችሁ የተቀመጠው ካሴት፣ ፎቶግራፍና የማኅበር ደብተር የታሪክ ሰነድ ነው። አትጣሉት! የዩኒቨርሲቲውም በር ለዚህ ሀብት ይከፈት። ታሪክን የሚሠራው ሕዝብ ታሪኩ ሲጠበቅ ማየት መብቱ ነው!