ድመቱ ምን አለ?

ባለፈው ሐሙስ ከባሕር ዳር ወደ ሐሙሲት ብቅ ብዬ አክስቴ ቤት አመሸሁ። የገበያ ቀን ስለነበር ጓዳው በሽንኩርት ጆንያ ተጣቧል። አክስቴ በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል የገባው የልጅ ልጇ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱን ከቃል ቃል እያስኬደ ጮክ ብሎ ያነባል።

«ቤት ውስጥ ድመት አለ።»

የመጨረሻዋን ቃል አላላት፤ «ተናገረ» እንደማለት። አክስቴ ከበርበሬዋ ቀና ሳትል «ድመቱ ምን አለ?» አለችው። ልጁ ለአፍታ ዝም ብሎ ጣቱን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መለሰና «አለ»ን አጥብቆ አነበባት።

አክስቴ ማንበብ አትችልም። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እነሱ ሰፈር ሲደርስ ፊደል ቆጥራ ነበር፤ ትዳርና እርሻ አስረሷት።

«እኛ ያልተማርነው ምን ልናግዘው?» የሚሉ ወላጆችን በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። «ዋና» ተብሎ የተጻፈው ልጆች ጣና ዳር የሚለማመዱት ዋና ይሁን ዋናው መንገድ፣ የሚለየው ከዙሪያው ካሉት ቃላት ነው። የተሳሳተ ንባብ ለማረም ፊደል መለየት ግድ አይደለም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ጆሮ ይበቃል። እናት ደግሞ ይህ ጆሮ አላት፤ ያለቦታው የገባ ቃል ወዲያው ይቆረቁራታል።

አገራችን ይህን ድሮም ታውቀዋለች። በአንዳንድ ደብር ዓይናቸው የማያይ የኔታዎች ዳዊት ያስደግማሉ። ተማሪው ሲያነብ አንዲት ቃል ያለቦታዋ ቢያጠብቅ ወይም ቢያላላ ከተቀመጡበት ሆነው ይመልሱታል። መጽሐፉን የያዘው ልጁ ነው፤ ንባቡን የሚጠብቁት ግን የኔታ ናቸው።

በክልላችን በአማራ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ባለው ጦርነት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተከፈቱትም ክፍላቸው የተጨናነቀ ነው። መምህር ያን ሁሉ ልጅ ተራ በተራ ሊያስነብብ አይችልም። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት እንደከፈተ፣ በኋላም ሐዋሳ ላይ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ለልጆች እንደደረሱ ሳስብ፣ ያ ጋሪ ወደ እኛም በመጣ እላለሁ። እስኪመጣ ግን ማታ ማታ ቡና እስኪፈላ ያለችው ጊዜ በእጃችን ናት።

ታዲያ ልጁ ሲንተባተብ መጽሐፉን አትንጠቁት፣ ቃሉንም ከአፉ አትቅደሙት። ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስ፤ ትርጉም ካልሰጣችሁ «ምን አልክ?» በሉት። «ደደብ» የተባለ ልጅ በማግስቱ መጽሐፉን ደብቆ ይጠብቃችኋል። መጽሐፍ ከሌለ ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት፣ የመድኃኒቱ ካርቶን፣ አባቱ በስልክ የላከው መልእክት ይነበብ። አንብቦ የነገራችሁን ስትሰሩበት ማንበብ ለምን እንደሚጠቅም ያኔ ይገባዋል።

ያን ማታ ልጁ ገጹን ጨርሶ መጽሐፉን ሊከድን ሲል አክስቴ በርበሬ የነካ እጇን ከፊቷ አርቃ «ከዚያስ? ድመቱ የት ሄደ?» አለችው።

ልጁ ቀጣዩን ገጽ ገለጠ።