ሰፊ ስክሪን ላኪልኝ ከማለታችን በፊት

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጌም ነው። መምህራኖቻችን «ደግሞ ስለ ጌም?» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ። ነገሩ የሒሳብም የገንዘብም ጉዳይ ነው።

እዚህ ወረኢሉ ካለን ተማሪዎች ብዙዎቻችን ዐረብ አገር የምትሠራ እህት ወይም አክስት አለችን። ደውላ «ምን ልላክልህ?» ስትል፣ ኮምፒውተር ያለው ልጅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ለጌም የሚሆን ሰፊ ስክሪን!» እኔ ግን ይህ መልስ ትክክል አይመስለኝም። ስክሪን ብቻውን ጌም አያሳምርም። መጀመሪያ መታየት ያለበት የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ስክሪን ላይ የምናየው ሥዕል ከትንንሽ ነጥቦች የተሠራ ነው። ነጥቦቹ ፒክስል፣ ብዛታቸው ደግሞ ሪዞሉሽን ይባላል። በብዛት የሚገኘው ስክሪን ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥብ አለው። ስናባዛው 2,073,600 ይመጣል። ሰፋ ያለው ዓይነት 2560 በ1080 ነው፤ ይህም 2,764,800 ነጥብ ነው። በሲሶ ጨመረ ማለት ነው። ፎርኬ የሚባለው 3840 በ2160 ሲሆን 8,294,400 ነጥብ አለው። ከመጀመሪያው ልክ አራት እጥፍ!

ታዲያ እነዚህን ሁሉ ነጥቦች የሚሥለው ማን ነው? ስክሪኑ አይደለም፤ ካርዱ ነው። ስክሪኑ የተሰጠውን ያሳያል እንጂ አይሥልም። ጌም ሳይቆራረጥ እንዲሄድ ካርዱ በሰከንድ 60 ሥዕል ቢሠራ ጥሩ ነው። አቅሙ በ1920 በ1080 ላይ 60 ሥዕል ብቻ የሆነ ካርድ፣ በስሌት ሰፊው ስክሪን ላይ ወደ 45፣ ፎርኬ ላይ ወደ 15 ይወርዳል። ቁጥሩ ከጌም ጌም ይለያያል፤ መውረዱ ግን አይቀርም። በ15 ሥዕል ደግሞ ኳስ መጫወት አይቻልም፤ አጥቂው ሲሮጥ እየዘለለ ነው የሚታየው። ምጣዱ ሰፍቶ ሊጡ ያው ከሆነ እንጀራው ጠርዝ አይደርስም።

በየቤታችን የሚገባው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ቢሮ ሲያገለግል የቆየ ነው። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሆነ ካርድ የለውም። ሥዕሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ክፍል ነው፤ ራሙንም ከኮምፒውተሩ ይጋራል። ለጽሑፍና ለፊልም ይበቃል፤ ለከባድ ጌም ግን አቅም ያንሰዋል።

«ታዲያ ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርገን እንጫወታለና!» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ይቻላል። ግን ትንሹ ሥዕል ተለጥጦ ሰፊውን ስክሪን ሲሞላ ይደበዝዛል። ቅርጹ ካልገጠመ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ የተለመደው ቴሌቪዥን ጥምርታው 4 ለ 3 ነበር፤ የዛሬው 16 ለ 9 ነው። የድሮው ሥዕል በአዲሱ ላይ ሲለጠጥ ሁሉም ነገር በሲሶ ይወፍራል። ተጫዋቹ ቦርጫም ይሆናል፣ ኳሷም እንቁላል ትመስላለች። መፍትሔው ቴሌቪዥኑን 4 ለ 3 ላይ ማድረግ ነው። ያኔ ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ቢቀር ብልሽት አይደለም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ጥምርታ ምን ይጠቅማል?» ለምትሉም መልሱ ይኸው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ያለንን እንወቅ። ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገን ዲስፕሌይ ሴቲንግ ስንገባ ሪዞሉሽኑ ይታያል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚለው ሥር የካርዱ ስም አለ። ካርዱ ደካማ ከሆነ ስክሪኑ ይቆየን። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው፣ ለ1920 በ1080 ስክሪን ብዙ ጌሞችን ይችላል፤ ለፎርኬ ግን አይሆንም። የሚወስደው ኃይል 75 ዋት ገደማ ነው። ካርድ ከመግዛት በፊትም ሳጥኑ ውስጥ መግባቱን ለክቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተር ቀጭን ነው።

«ላኪልኝ» ማለት ለእኛ አንድ ቃል ናት። እህቶቻችን ግን ሰው ቤት ሌሊት ተነሥተው እየሠሩ ነው የሚከፍሏት። የላኩት ስክሪን ጌሙን አንቀርፍፎ ቁጭ ካለ የባከነው የእነሱ ድካም ነው። ሁለት ቁጥር አባዝቶ መጠየቅ ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያለን ከበቃንም «ለጊዜው ምንም አልፈልግም፣ ደህና ሁኚልኝ» ማለት ያምርብናል።

የአይሲቲ መምህራችንም ይህን ስሌት አንድ ቀን በሰሌዳ ቢያሠሩን ደስ ይለናል። የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንከራከር። ቸር እንሰንብት!