የምሳ ሰዓት ሲደርስ ወዴት?

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሲል የብዙዎቻችን የሠራተኛ እናቶች ሐሳብ ወደ ምሳ ሳይሆን ወደ ቤት ይሮጣል። ትልቁ ልጅ የቋጠርንለትን በልቶ ይሆን? ሕፃኗ ወተቷን ጠጥታ ይሆን? እያልን የራሳችንን ሆድ እንረሳለን። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለሁለት ዓመት ያህል ምሳዋ አንድ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ነበር። «ለልጆቹ ደብተር መግዣ ይሆነኛል» ትል ነበር። ያጠራቀመችው ገንዘብ ግን መጨረሻው ለጨጓራ መድኃኒት ሆነ።

ስለዚህ ውድ እናቶችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ ወጥ አሠራር ወይም ስለ ልጅ አያያዝ ማውሳቱን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና፣ አንዲት ሠራተኛ ሴት በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ሰዓት ዕረፍት ውስጥ ሄዳ፣ ጠግባ፣ ቦርሳዋም ሳይራቆት የምትመለስባቸውን የምሳ ቤቶች እናንሣ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሱት ሽሮ ቤቶች ናቸው። ከብሔራዊ ትያትር ጀርባ ባሉት መንገዶችም ሆነ በሜክሲኮ አካባቢ፣ ወይም በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ተማሪዎች በሚበዙበት ሠፈር ፈልጎ ማግኘት አያዳግትም። አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ማስታወቂያ የላቸውም፤ በራፋቸው ላይ ግን ሰው ቆሞ ወንበር እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። ይህ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰው የሚበዛበት ቤት ወጡ አያድርምና። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ከነእሳቱ ይቀርባል። ሽሮን የድሃ ምግብ ነው ብለው የሚንቁ አሉ። ነገር ግን ከሽምብራና ከአተር የሚዘጋጅ በመሆኑ ሰውነት ገንቢ ምግብ ነው፤ ሥጋ በየቀኑ መግዛት ለማንችል ለእኛ ትልቅ ረዳታችን ነው።

ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ አንድ በየዓይነቱና አንድ ተጨማሪ እንጀራ ማዘዝ ይበቃል። ምስሩ፣ ክክ አልጫው፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ በአንድ ትሪ ላይ ይገኛል። ብቻችሁን ብትሄዱም አትፈሩ። ቀድሞ ሴት ብቻዋን ምግብ ቤት ስትገባ ዓይን ይበዛባት ነበር፤ ዛሬ በምሳ ሰዓት የሽሮ ቤት ወንበር ግማሹ የተያዘው በሴቶች ነው።

ለጥንቃቄ ያህል ሁለት ነገር ላክል። ውሃው እንዴት እንደሆነ በማናውቅበት ቤት ጥሬ ሰላጣ ከመብላት የበሰለውን ጎመን መምረጥ ይሻላል። ምሳ እንደተበላ ወዲያውኑ ሻይ ወይም ቡና የመጠጣት ልማዳችንም ሊታሰብበት ይገባል፤ ከምስርና ከጎመን የምናገኘውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋልና። በተለይ ነፍሰ ጡሮች አንድ ሰዓት ያህል ቢያቆዩት ይመከራል። በአንጻሩ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሎሚ ይረዳሉ። እንግዲህ ስንግ ቃሪያዋን የምትወዱ ደስ ይበላችሁ!

ዓርብ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ዕረፍት ስላለን ራቅ ብሎ መሄድ ይቻላል። ቀኑ የጾም ቀንም ስለሆነ ፒያሳ ወደሚገኘው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ብትዘልቁ አትቆጩም። በእቴጌይቱ የተሠራው ይህ የአገራችን የመጀመሪያ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ነበር፤ በኋላ ግን ታድሶ ሥራውን ቀጥሏል። ስሙን ያስጠራው ሥጋና ቅቤ የሌለበት ቡፌው ነው። ዋጋው ከሽሮ ቤት ከፍ ስለሚል የየሳምንት ሳይሆን የደመወዝ ሰሞን ምሳ ነው። የእንጨቱን ወለልና ደረጃ ማየት ግን ገንዘብ አያስከፍልም።

የልጆች ልብስ ለመግዛት መርካቶ የምትወርዱ ደግሞ በባዶ ሆድ አትከራከሩ፤ የራባት ሴት ዋጋ ሳታወርድ ትገዛለች። በታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ ባሉት ምግብ ቤቶች ሩዙም ፉሉም ፈጢራውም በፍጥነት ይደርሳል።

ስለ ካዛንቺስ ሳልጽፍ ባልፍ ግን ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። እዚያ ለብዙ ዓመታት ምሳዬን የበላሁት «እትዬ» ብቻ ብለን በምንጠራቸው እናት ቤት ነበር። አራት ጠረጴዛና አንድ የዱቤ ደብተር ነበራቸው። ወሩ ሲጋመስ የአብዛኞቻችን ስም ደብተሩ ላይ ይሰፍራል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይሰረዛል። ነፍሰ ጡር ሆና የመጣችውን ሁሉ «አንቺ ለሁለት ነው የምትበዪው» ብለው ወጥ ይጨምሩላት ነበር፤ ለጭማሪውም አያስከፍሉም።

በ2017 ዓ.ም. ሠፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ የእትዬም ቤት አብሮ ሄደ። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ፒያሳ ላይ እንዲሁ ሆኖ ነበርና ነገሩ አዲስ አልሆነብንም፤ ሆኖም የእኛ ቤት ሲሆን ሌላ ነው። እኔም የሁለት ምሳ ዕዳ ሳልከፍል ተለያየን። ነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ መግባታቸውን ሰምቼ ስለነበር፣ አንድ ቅዳሜ የቀድሞ ጎረቤቶቻቸውን እያጠያየቅሁ ሄድኩ።

እትዬን በአንድ ሕንፃ ሥር አገኘኋቸው። ምሳ በሰሃን እየቋጠሩ በአቅራቢያው ለሚሠሩ የግንባታ ሠራተኞች ይልካሉ፤ ከእነዚያም ውስጥ ሴቶቹ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። «እንደ ካዛንቺስ አይሆንም፤ የቢሮ ሰው የለም» አሉኝ። «እነዚህ ግን ይበላሉ። እናንተ እኮ ግማሹን ትታችሁ ነበር የምትሄዱት።» ያለብኝን ለመክፈል ገንዘብ ሳወጣ ደብተሩ በዕቃ ማጓጓዝ ላይ መጥፋቱን ነገሩኝ። ስንት እንዳለብኝ ግን በቃላቸው ያውቁት ኖሯል፤ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነበር።

ሦስቱን ከፈልኩ። አራተኛውን እዚያው ቁጭ ብዬ በላሁ፤ ሽሮው ያው ነው።