ስለ ሠዓሊ ሞትና ስለ ልጅ እጅ

ሰው ሲሞት የሚያለቅስለት ዘመዱና ጎረቤቱ ነው፤ የአገራችን ልማድ ይህ ነው። ነገር ግን ፊቱን ባላዩና ድምፁን ባልሰሙ ሰዎች ቤት የሚለቀስለት ሰው ደግሞ አለ። በዛሬው የቤተ ሰብ ዓምዳችን የምናወሳው ስለ እንዲህ ያለው ኀዘን ነው።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው በጠላት ወረራ ዘመን አለፈ። ከነፃነት በኋላ የማዕድን ምህንድስና ይማሩ ዘንድ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ፤ መምህራኖቻቸው ግን የእጃቸውን ተሰጥዎ አይተው በሥዕል እንዲበረቱ አደፋፈሩዋቸው፤ በሎንዶንም በስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥራቸውን ትርኢት ለሕዝብ አሳዩ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው፣ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ባለ ቀለም መስታወት፣ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ተጋድሎዋንና የወደፊት ተስፋዋን በሦስት ክፍል የሚያሳየው፣ የእርሳቸው ሥራ ነው። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ወሬው እኛ ዘንድ ሳንጃ በደረሰ ጊዜ፣ ከፍርድ ቤት ሥራዬን ጨርሼ ብገባ፣ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ልጄ በመደብ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘሁት።

«ምን ሆንህ?» አልኩት።

«አባባ፣ አፈወርቅ ሞቱ» አለኝ። ከሥዕሎቻቸው የአንዱን ግልባጭ በትምህርት ቤት አይቶ ኖሮ ዘወትር ያነሣቸው ነበር።

«ለማታውቀው ሰው ምነው ታለቅሳለህ?» ብዬ ገሠጽኩት።

አንገቱን ደፍቶ «ሥራቸውን አውቀዋለሁ፤ ከእንግዲህም ሌላ አይሥሉም» ብሎ መለሰልኝ።

በዚህ ጊዜ የሠራሁት በደል ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ይኸው ልጅ፣ እናቴ እንዝርቷን ይዛ ጥጥ ስትፈትል በከሰል ሥሎ አምጥቶልኝ ነበር። ወረቀቱ ለሥራ ያስቀመጥኩት ስለ ነበረ ተቈጥቼ ከምድጃ ጣልኩት። እናቴም በማግሥቱ ዓመት ዐረፈች። በዕድሜዋ ፎቶግራፍ ተነሥታ አታውቅም፤ መልኳን የያዘው አንድ ወረቀት ብቻ ነበረ፤ እርሱንም በገዛ እጄ አቃጠልኩት።

በዚያ ማታ ለልጄ ንጹሕ ወረቀት ሰጥቼ «አያትህን እንደ ገና ልትሥላት ትችላለህን?» አልኩት። ብዙ አሰበ። «እጇን አስታውሳለሁ፤ ፊቷ ግን ጠፍቶብኛል» አለ። እጆቿንና እንዝርቱን ብቻ ሣለ። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ በቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ።

ወላጆች ሆይ፤ ወደ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አይቶ ይደነቃል፤ ሠዓሊው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሥራውን እንወድዳለን፤ ሠሪውን እንረሳለን። ይህ ልማድ የሚጀምረው በየቤታችን፣ የልጅን እጅ ከመናቅ ነው።

ልጃችሁ ግድግዳውን በከሰል ቢያጠቁር፣ ግድግዳው ተመልሶ ይለቀለቃል፤ የተሰበረ የልጅ ልብ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይታደስም። ሥዕል ከትምህርቱ እንዳያስታጕለው የምትሰጉ እንደ ሆነ ሰዓት ወስኑለት፤ ወረቀትም ለይታችሁ ስጡት። ይልቁንም ሽማግሌዎቻችሁ በሕይወት ሳሉ በፊታቸው አስቀምጡትና መልካቸውን ይሣል። ሥዕሉ ባያምርም አስቀምጡት፤ የሚፈለግበት ቀን ይመጣልና።